ሶፍትዌሩ ላይቭ ከወጣ በኋላ የትኛውን ቴስት እንምረጥ?

ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፣ ማለትም አለፈ፤ ሶፍትዌሩም ላይቭ ወጣ፣ ለተጠቃሚ ተለቀቀ። ብዙ ቡድኖች እዚህ ላይ ቴስተሩን ወደ ሌላ ፕሮጀክት ያዛውሩታል። ባግ (የኮድ ስህተት) ካለ ደንበኛው ደውሎ ይነግረናል ይላሉ። ደንበኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደውልም። አፑን አጥፍቶ ሌላ ያወርዳል። ገንዘቡ መንገድ ላይ የቀረበት ከሆነ ደግሞ የባንክ ቅርንጫፍ ሄዶ ይሰለፋል። እዚያ የሚያገኘው ሠራተኛ ስለ ኮዱ የሚያውቀው ነገር የለም። ወሬው ዴቨሎፐሩ ጋ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ። በነዚያ ቀናት ስንት ሰው ይጉላላል!

ኮዱን ማንም ሳይነካው እንኳ በዙሪያው ያለው ነገር ይለወጣል። የምትጠቀሙበት የክፍያ ኤፒአይ (ሲስተማችሁ ከሌላ ሲስተም ጋር የሚነጋገርበት በር) መልሱን ይቀይራል። አዲስ አንድሮይድ ይወጣል። ዳታው ያድግና ትናንት በቅጽበት ይመጣ የነበረው ሪፖርት ደቂቃዎች ይፈጃል። ዲሴምበር 6 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የኦቱ (O2)፣ በጃፓን የሶፍትባንክ የሞባይል ኩባንያዎች ደንበኞች በሚሊዮን የሚቆጠሩት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠባቸው። ምክንያቱ አዲስ ኮድ አልነበረም። የኔትወርክ ዕቃ አቅራቢው ኤሪክሰን ባቀረበላቸው ሶፍትዌር ውስጥ የነበረ ሰርተፍኬት (ማብቂያ ቀን ያለው ዲጂታል የማንነት ማረጋገጫ) ጊዜው አልፎ ነው።

ከሪሊዝ (ሶፍትዌሩ ከተለቀቀ) በኋላ የሚደረግ ቴስት ብዙ ዓይነት ነው። ሁሉንም አንድ ላይ መሥራት የሚችል ቡድን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መምረጥ ግድ ይላል። እኔ ሳነጻጽር በመጀመሪያ የማየው ይህን ነው፦ ስህተቱን ማንም ሳይጎዳ፣ ካልሆነም ጥቂት ሰው ብቻ ተጎድቶ ያገኘዋል ወይ? ወጪው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሮቦት ተጠቃሚ

ይህ እንደ ደንበኛ የሚሠራ ስክሪፕት ነው። በየ5 ደቂቃው ሎግኢን ያደርጋል፣ ዕቃ ይፈልጋል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል። አንዱ እርምጃ ካልሄደለት ይጮኻል። ለዌብሳይት ፕሌይራይት ወይም ሴሌኒየም፣ ለሞባይል አፕ አፒየም ይበቃል። ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ። ከሪሊዝ በፊት የተጻፈ አውቶሜሽን (በራሱ የሚሄድ ቴስት) ካላችሁ ሥራው ግማሽ ያህሉ አልቋል ማለት ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ሰው በማይኖርበት ሰዓት መሥራቱ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተበላሸውን ነገር ጠዋት ደንበኛው ሳይነሳ ታውቁታላችሁ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

የት ሆኖ እንደሚያይ ግን አስቡበት። ስክሪፕቱ ፍራንክፈርት ካለ ሰርቨር ላይ ከሆነ የሚነግራችሁ የፍራንክፈርትን ነው። ጅማ ያለው ተጠቃሚ ገጹ አልከፍት ብሎት እያለ የእናንተ ዳሽቦርድ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ሁለት ያገለገሉ አንድሮይድ ስልኮች፣ አንዱ ላይ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው ላይ የሳፋሪኮም ሲም አድርጋችሁ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ብታስቀምጡ ከውድ የክትትል አገልግሎት የበለጠ እውነት ይነግሯችኋል። ተጠቃሚያችሁ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ካለ ደግሞ ከዚያ በኩል የሚያይ አንድ ሌላ ጨምሩ።

ወጪውንም ከወዲሁ አስሉት። በየ5 ደቂቃው ማለት በቀን 288 ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ሎግኢን ኦቲፒ (የአንድ ጊዜ የይለፍ ቁጥር) በኤስኤምኤስ የሚልክ ከሆነ በቀን 288 ኤስኤምኤስ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ቼኩን ለሁለት ክፈሉት። ገጹ መከፈቱንና ኤፒአዩ መመለሱን በየ5 ደቂቃው፣ ኦቲፒን ጨምሮ ሙሉውን መንገድ በየሰዓቱ። ለሮቦቱ የራሱ አካውንት ክፈቱለት፤ ሪፖርት ሲወጣም የሱ ግብይት ይቀነስ። አለበለዚያ ፋይናንስ ክፍሉ የሌለ ሽያጭ ሲያሳድድ ይውላል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ሮቦቱ የሚሞክረው መሳካት ያለበትን ብቻ ነው። መከልከል ያለበትንም ይሞክር። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በአካውንታቸው ከነበራቸው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቅዶ ነበር። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አስታውቋል፤ የወጣውን ገንዘብ ለማስመለስም ረጅም ዘመቻ አካሂዷል። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ መሳካት ያለበትን ብቻ የሚሞክር ሮቦት አያየውም። ብር ያለው አካውንት ብር ሲያወጣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። 10 ብር ያለበት የቴስት አካውንት ክፈቱና በየ5 ደቂቃው 11 ብር ለማውጣት ይሞክር። ካልተከለከለ ወዲያው ሰው ይቀስቀስ። ገንዘብ በሚነካ ማንኛውም ሲስተም ላይ ይህ ቼክ የግድ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው።

ሮቦቱ የማይችለው ነገር ነገን ማየት ነው። ጳጉሜን እንውሰድ። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። የአንድ ቀኑ ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቀጥላል። ገናም በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ነው የተከበረው። የቀን መቀየሪያውን በድፍኑ የጻፈ ሲስተም ሦስት ዓመት በሰላም ይሠራና በአራተኛው የብድር መክፈያውን ቀን ያዛባል። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ዓ.ም. ነው። ለዚህ የሚሆነው የቴስት ሰርቨሩን ሰዓት ወደፊት ገፍቶ ቴስቶቹን ሁሉ እንደገና ማስኬድ ነው። በየሩብ ዓመቱ አንዴ ይበቃል። ችግሩ የኛ ካሌንደር ብቻ አይደለም፤ የማይክሮሶፍት አዙር ክላውድ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. የወደቀው፣ ሲስተሙ ለሰርተፍኬቶች የማለቂያ ቀን ሲያወጣ ዓመቱ ላይ አንድ ደምሮ የሌለ ቀን ስለጻፈ ነበር።

ደረጃ በደረጃ መልቀቅ

አዲሱን ቨርዥን ለሁሉም በአንዴ አለመስጠት ነው። መጀመሪያ ለ1 በመቶው፣ ደህና ከሆነ ለ5፣ ከዚያ ለ20 እያሉ ማስፋት። ጎግል ፕሌይ ላይ መቶኛውን ራሳችሁ ትወስናላችሁ። አፕል የ7 ቀን አካሄድ አለው፦ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50፣ 100 በመቶ። ችግር ካያችሁ በድምሩ እስከ 30 ቀን ማቆም ይቻላል። የአፕሉ ግን አውቶማቲክ አፕዴት ያበሩትን ብቻ ነው የሚመለከተው። ራሱ ገብቶ አፕዴት የሚያደርግ ሰው በመጀመሪያው ቀንም ያገኘዋል።

ይህ ባይኖር ምን እንደሚሆን ጁላይ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ዓለም አይቶታል። የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ አንድ የተሳሳተ ፋይል ለደንበኞቹ ሁሉ በአንዴ ላከ። ማይክሮሶፍት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች እንደተጎዱ ገምቷል። በረራዎች ቀሩ፤ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ወስዷል፤ ያን ጊዜ ግን ኮምፒውተሮቹ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ነበሩ። ብዙዎቹን ሰው አንድ በአንድ ሄዶ ማስነሳት ነበረበት። ልብ በሉ፣ የዋናው ሶፍትዌር አዳዲስ ቨርዥኖች ላይ ደንበኛው መቼ እንደሚቀበል መምረጥ ይችል ነበር። ያ ፋይል ግን እንደ ይዘት ስለተቆጠረ በዚያ መንገድ አላለፈም። ከዚህ የምወስደው፣ ኮንፊግም (የሲስተሙ ማስተካከያ) ሆነ የዋጋ ዝርዝር ወይም የትርጉም ፋይል ላይቭ የሚገባ ነገር ሁሉ በደረጃ ይግባ የሚለውን ነው።

ታዲያ ለማን ይሆናል? እዚህ ላይ ሒሳቡን ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ትንንሽ ቡድኖች ትልልቆቹን አይተው ይሄን ይጀምሩና በከንቱ ይተማመናሉ። 500 ተጠቃሚ አላችሁ እንበል። 1 በመቶው 5 ሰው ነው። ከ100 ሰው አንዱን የሚያጋጥም ባግ ካለ፣ በአምስቱ ላይ ጭራሽ የማይታይበት ዕድል 95 በመቶ ነው። ያንኑ ባግ 95 በመቶ እርግጠኛ ሆኖ ለማየት 300 ሰው ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተጠቃሚያችሁ በመቶዎች የሚቆጠር ከሆነ መቶኛውን ተዉት። የመሥሪያ ቤታችሁ ሰዎችና ፈቃደኛ ደንበኞች ሁለት ቀን ቀድመው ይጠቀሙበት፤ ከዚያ ለሁሉም ልቀቁት። በአሥር ሺዎች ከሆነ ግን ደረጃ በደረጃው ከማንኛውም አማራጭ በላይ ያዋጣል።

ወደ ኋላ መመለስ ካልቻላችሁ ደረጃው ብቻውን አያድንም። ሰርቨር ላይ ያለውን የድሮውን ቨርዥን በደቂቃ መመለስ ይቻላል። ስልክ ላይ የገባውን ግን አይቻልም። ጎግል ፕሌይ ላይ ስርጭቱን ብታቆሙም የደረሳቸው ሰዎች ጋ ይቀራል፤ መፍትሔው ከፍ ያለ ቁጥር ያለው አዲስ ቨርዥን መላክ ነው። ለዚህ ነው አዲሱን ነገር ከሰርቨር በሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ ውስጥ ማስገባት የሚያስፈልገው። ሲበላሽ ታጠፉታላችሁ፤ ተጠቃሚው ምንም ማውረድ አይጠበቅበትም።

ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ደግሞ አጽዱ። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ኩባንያ ኦገስት 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. አዲስ ኮዱን ከ8 ሰርቨሮች በ7ቱ ላይ ጫነ። አዲሱ ኮድ የሚበራው ከዓመታት በፊት በተተወ የድሮ ማብሪያ ነበር። ስምንተኛው ሰርቨር ላይ ያ ማብሪያ የድሮውን ኮድ ቀሰቀሰው። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። የበለጠ የሚያሳዝነው፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ችግር መኖሩን የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር። እንደ ማስጠንቀቂያ የቆጠራቸው ሰው አልነበረም። ሁሉም ሰርቨር አንድ ቨርዥን ላይ መሆኑን ከሪሊዝ በኋላ የሚያይ ስክሪፕት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ማስጠንቀቂያው ኢሜይል ሳጥን ውስጥ እንዲቀር አታድርጉ፤ ስም ያለው ተረኛ ስልክ ላይ ይደወል። ለአንድ ጊዜ የኔትወርክ መቆራረጥ እንዳይጮኽ ግን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲወድቅ ብቻ ይሁን። በየቀኑ በከንቱ የሚጮኽ ነገር በሳምንቱ ማንም አይሰማውም።

ከተጠቃሚው ስልክ የሚመጣ ሪፖርት

እንደ ክራሽሊቲክስና ሴንትሪ ያሉት መሣሪያዎች አፑ ሲወድቅ በየትኛው ስልክ፣ በየትኛው መስመር ላይ እንደወደቀ ይልካሉ። ከሮቦቱ የሚለየው እውነተኛ ሰው የደረሰበትን መንገር መቻሉ ነው፤ ድክመቱም ያው ነው፣ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው የምታውቁት። በመመዘኛዬ ሦስተኛ ነው። ርካሽ ስለሆነና ደረጃ በደረጃ መልቀቅ ያለሱ ዓይን ስለሌለው ግን ከመጀመሪያው ቀን ይግባ። ስልክ ቁጥር፣ የአካውንት ቁጥርና ኦቲፒ ሎግ (የሲስተሙ መዝገብ) ውስጥ እንዳይገባ አጥብቃችሁ አረጋግጡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርም የሰው ምስጢር ነው።

ባክአፑን መልሶ ማየት

ይሄኛውን ብዙ ሰው ቴስት ነው ብሎ አይቆጥረውም። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምከራከርለት ግን ይሄን ነው። ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) አለን የሚል ቡድን ሞልቷል። መልሰነው አይተናል የሚለው ጥቂት ነው።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት ላይ አንድ ኢንጂነር ደክሞት እየሠራ የተሳሳተ ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ፎልደር ሰረዘ። 300 ጊጋባይት ገደማ ጠፋ። ኩባንያው አምስት ዓይነት የባክአፕና የመገልበጫ ዘዴ ነበረው፤ ሲፈተሹ አንዱም በሚያስተማምን መንገድ እየሠራ አልነበረም። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ የዳታቤዙና የመሣሪያው ቨርዥን ስላልተስማማ ሲከሽፍ ቆይቷል። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም በኢሜይል ደህንነት ማጣሪያ እየተመለሰ ማንም ጋ አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት በፊት በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ጊትላብ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ መጻፉን አከብርለታለሁ። ሌሎች እንዲማሩበት አድርጓል።

ልምምዱ ከባድ አይደለም። በወር አንዴ የመጨረሻውን ባክአፕ ሌላ ማሽን ላይ መልሱ። የዋና ዋናዎቹን ቴብሎች የመዝገብ ብዛት ከላይቩ ጋር አመሳክሩ። የትናንቱ የመጨረሻ ግብይት መኖሩን እዩ። ስንት ሰዓት እንደፈጀም መዝግቡ። አለቃችሁ ሁሉም ነገር ቢጠፋ ስንት ሰዓት እንዘጋለን ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያ ቁጥር ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ ማሽኑን አጽዱት፤ ውስጡ የደንበኛ ዳታ ነው።

ሆን ብሎ ማበላሸትና ለውጭ ሰው መክፈት

ኔትፍሊክስ በ2008 እ.ኤ.አ. የዳታቤዝ ብልሽት ለደንበኞቹ የፊልም ዲቪዲ መላክ ለሦስት ቀን ካስቆመው በኋላ ወደ ክላውድ ተዛወረ። ኬኦስ መንኪ የተባለውን፣ በሥራ ሰዓት የራሱን ሰርቨሮች በዘፈቀደ የሚያጠፋ ፕሮግራም ሠራ፤ በ2012ም ለሁሉም ለቀቀው። ድንቅ ሐሳብ ነው። አንድ ሰርቨር ያለው ቡድን ግን ቢያጠፋው የሚያገኘው የሚያውቀውን ነው፦ ሲጠፋ ይጠፋል። ላይቩን ተዉትና ቴስት ሰርቨር ላይ ይህን ሞክሩ። ደንበኛው ክፈል ካለ በኋላ የክፍያ ኤፒአዩን ለ10 ደቂቃ ቁረጡት። መስመሩ ሲመለስ ሁለት ጊዜ ቆረጠበት? ወይስ ገንዘቡ ወጥቶ ትዕዛዙ ሳይመዘገብ ቀረ? ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ በየቀኑ የሚመጣ ነገር ነው።

ባግ ላገኘ ሽልማት መስጠት የብራውዘር ሠሪው ኔትስኬፕ በ1995 እ.ኤ.አ. የተጠቀመበት መንገድ ነው። ለደህንነት ቀዳዳ ጥሩ ነው። የሚመጣውን ሪፖርት አንብቦ በቀናት ውስጥ የሚያስተካክል ሰው ከሌለ ግን አትጀምሩት። እስከዚያው የደህንነት ችግር መቀበያ አንድ ኢሜይል ገጻችሁ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሰው ቴስተር፣ ከሪሊዝ በኋላም

አውቶሜሽን ሲመጣ ቴስተሩን ማሰናበት ችግር ያስከትላል። ሮቦቱ የተነገረውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ሰው ግን «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችውን ልጅ «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋታል፤ አያገኛትም። ሚሞሪው የሞላ ርካሽ ስልክ ይዞ ታክሲ ውስጥ ይሞክረዋል። የ8 ሰዓት ቀጠሮ ይይዝና ሲስተሙ ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ያስታውሰዋል። ቴስተራችሁን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ላይቩ ላይ ልቀቁት። ምን እንደሚያይ አስቀድማችሁ አትንገሩት። ያገኘው ነገር ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት የሮቦቱ ቼክ ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

እንግዲህ ምርጫው

ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ የሱቅ ወይም የቀጠሮ ሲስተም የምትሠሩ ከሆነ ወርሃዊው የባክአፕ ልምምድ፣ አንድ ዋና መንገድ የሚሄድ ሮቦትና የክራሽ ሪፖርት ይበቃችኋል። የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ ቀጣዩን ፊቸር (አዲስ ተግባር) ለዚህ ብታዘገዩት ይሻላል።

ክፍያ፣ ቁጠባ ወይም ብድር ከሆነ በነዚህ ላይ መከልከል ያለበትን የሚሞክረው ቼክ ይጨመር። ገቢና ወጪው መመጣጠኑን በየሰዓቱ የሚያመሳክርም ይኑር። ሪሊዝ ዓርብ ማታ አይደረግ፤ የሚያየው ሰው ቅዳሜ ቤቱ ነው።

በአሥር ሺዎች የወረደ የሞባይል አፕ ካላችሁ ቅድሚያው ደረጃ በደረጃ መልቀቅና ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሮቦቱ ከዚያ ቀጥሎ ይምጣ።

የፈተና ውጤት ወይም ምዝገባ በአንድ ቀን የሚጎርፍበት ሲስተም ከሆነ የተለየ ነው። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው የጭነት ቴስት (ብዙ ሰው በአንዴ ሲገባ ሲስተሙ መቻሉን ማየት) ነው፤ እሱም ቀኑ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ላይቩን በሚመስል ሰርቨር ላይ፣ ከምትጠብቁት በእጥፍ። ሁለት ሳምንት የምለው ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ለማስተካከል ጊዜ እንዲኖር ነው።

የመንግሥት ወይም የድርጅት ሶፍትዌር አሠርታችሁ የምትረከቡ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ውሉ ውስጥ ይግባ። ከርክክብ በኋላ ሮቦቱን የሚያስኬደው ማን ነው? ባክአፑን በየወሩ መልሶ ውጤቱን የሚያሳየውስ? ሌሊት ሲጮኽ የማን ስልክ ይጠራል? አቅራቢው ለነዚህ ሦስቱ ስምና ሰዓት ካልጻፈ ፊርማችሁን አቆዩት።